የተነጻጸረው ከማን ጋር ነው? የመራጭ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች የሙከራ ዘገባዎች ሲመረመሩ

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒት የሚወስደው ለሦስት ቀን ወይም ለሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ነው። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት ሕመሙን በማስታገሡ ብቻ አይመዘንም፤ በየቀኑ ሲወሰድ በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ምን ያስከትላል የሚለውም አብሮ ይጠየቃል። ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ከዚህ አንጻር የቆየ እንከን አለባቸው። የጉልበትን ቁርጥማት እያስታገሡ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ከቁስለቱም የተነሣ የሚደማ፣ አልፎም ጨጓራው የሚበሳ ሕመምተኛ ጥቂት አልነበረም። «መራጭ» የተባሉት ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ወደ ገበያ የገቡት ይህን እንከን ያስወግዳሉ ተብሎ ነው። ይህ ተስፋ በሐኪሞች ዘንድ እንዲጸና ያደረጉት ሁለት የሙከራ ዘገባዎች ናቸው። ሁለቱም የታተሙት በ2000 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ክላስ የተባለው በሴፕቴምበር በጃማ፣ ቪገር የተባለው ደግሞ በኖቬምበር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ወጣ። ሁለቱም በታወቁ መጽሔቶች፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን ይዘው፣ በዕጣ ድልድል የተካሄዱ ሙከራዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከሁለቱ አንዳቸውም እንደተጻፉት ሊነበቡ የሚገባቸው ሆነው አልተገኙም። ችግሩ ያለው ከሙከራዎቹ አሠራር ይልቅ በአዘጋገባቸው ላይ ስለሆነ፣ ዘገባዎቹን እንደ ጽሑፍ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

አስቀድሞ ስለ ሳይንሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 አስፒሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ መሆኑን አሳዩ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፕሮስታግላንዲንን የሚያመርተው ኢንዛይም አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ኮክስ-1 የተባለው በጨጓራ ግድግዳና በደም አርጊ ሕዋሳት ውስጥ ዘወትር ይገኛል፤ ኮክስ-2 የተባለው በአመዛኙ ብግነት ሲነሣ ይበዛል። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚያግድ መድኃኒት ቢገኝ፣ ጨጓራ ሳይጎዳ ሕመም ይታገሣል የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ለማስተማርም ለማስታወቂያም እጅግ የተመቸ ነበር። እንደ ልጆች ተረት ደግ ወንድምና ክፉ ወንድም አለው፤ ክፉውን ማሰር ብቻ ነው የሚቀረው። ሴሌኮክሲብ በዲሴምበር 1998፣ ሮፌኮክሲብ በሜይ 1999 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኙ። ሮፌኮክሲብ በዓለም ዙሪያ የታወቀው መርክ የተባለው ኩባንያ በሰጠው ቫዮክስ በሚለው የንግድ ስሙ ነው።

ተረቱ ግን የደም ሥርን ረስቶ ነበር። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ፕሮስታሳይክሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ደም እንዳይረጋና ሥሩ እንዲሰፋ ያደርጋል። ደም አርጊ ሕዋሳት በበኩላቸው ትሮምቦክሳን የተባለውን ያመነጫሉ፤ ይህኛው ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ትሮምቦክሳን የሚመረተው በኮክስ-1 አማካይነት ነው። ፕሮስታሳይክሊን ግን በጤነኛ ሰው እንኳ በአመዛኙ ከኮክስ-2 የሚገኝ መሆኑን የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው ጋሬት ፊትዝጄራልድና ባልደረቦቻቸው በጃንዋሪ 1999 ባሳተሙት ጥናት አመለከቱ። ሴሌኮክሲብ የወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሽንት ሲመረመር የፕሮስታሳይክሊን ውላጅ ቀንሶ ተገኘ፤ ትሮምቦክሳን ግን አልተነካም። የመርጋትና ያለመርጋት ሚዛን ወደ መርጋት ሊያጋድል ይችላል ማለት ነው። ይህ መላምት ሮፌኮክሲብ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ቪገር ከመታተሙም ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠ ነበር።

ወደ ቪገር እንምጣ። በሙከራው 8,076 የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞች ተካፍለዋል። ከእነዚህ 4,047ቱ በቀን 50 ሚሊግራም ሮፌኮክሲብ፣ 4,029ኙ ደግሞ 500 ሚሊግራም ናፕሮክሰን በቀን ሁለት ጊዜ ወሰዱ። የሮፌኮክሲቡ መጠን በወቅቱ ለረጅም ጊዜ እንዲወሰድ ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን እጥፍ ነበር። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን እንኳ ጨጓራን እንደማይጎዳ ለማሳየት ነበር። አስፒሪን የሚወስዱ ሕመምተኞች እንዳይካፈሉ ተደረገ። የክትትሉ አማካይ ጊዜ ዘጠኝ ወር ሲሆን፣ ሁለቱም መድኃኒቶች ሕመሙን በማስታገሥ ረገድ እኩል ሆነው ተገኙ። ከተከፈለበት ዋጋ አንጻር ይህ የመጨረሻው ነጥብ በንባብ ላይ ቶሎ ይታለፋል። መራጩ መድኃኒት ከነባሩ የተሻለ ሕመም አስታጋሽ ነው ያለ ዘገባ አልነበረም፤ ሁሉ ነገር የተደገፈው በጨጓራው ላይ ነው።

በጨጓራ በኩል ውጤቱ አሳማኝ ነበር። በሮፌኮክሲብ ወገን 56፣ በናፕሮክሰን ወገን 121 የተረጋገጡ የላይኛው የምግብ ቧንቧና የአንጀት ችግሮች ተመዘገቡ። አደገኛ ከሚባሉት፣ ማለትም ከመበሳት፣ ከመዘጋትና ከብርቱ መድማት ወገን የሆኑት ደግሞ 16 እና 37 ነበሩ። ዘገባው ይህን ሲገልጽ የተለመደውን መንገድ ተከትሏል፤ አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ጋር ሲነጻጸር አንጻራዊው የአደጋ መጠን 0.5 ነው ይላል። አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፤ አደጋው በግማሽ ቀንሷል።

ቀጥሎ የልብ ጉዳይ ይመጣል። እዚህ ላይ ዘገባው አካፋዩንና ተካፋዩን አለዋውጦ አቀረበ። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው፣ በናፕሮክሰን ወገን ከመቶ 0.1፣ በሮፌኮክሲብ ወገን ከመቶ 0.4 መሆኑን ይገልጽና፣ አንጻራዊው መጠን 0.2 ነው ይላል። ይህ 0.2 የናፕሮክሰን ነው። ለጨጓራው አዲሱ መድኃኒት በነባሩ ሲለካ፣ ለልቡ ግን ነባሩ በአዲሱ ተለካ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በፍጥነት የሚያነብ ሐኪም ዓይን ላይ ሁለት ትናንሽ ቁጥሮች፣ 0.5 እና 0.2፣ ተከታትለው ሲያርፉ ሁለቱም መልካም ዜና ይመስላሉ። ክፍፍሉ እንደ ፊተኛው ቢሠራ ኖሮ የሚነበበው 5 ነበር፤ ሮፌኮክሲብ የወሰዱት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆነ የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ማንም አንባቢ ዘሎ አያልፈውም። በተጨማሪም ስለ ጨጓራው የሕመምተኞቹ ቁጥር ሲቀርብ፣ ስለ ልቡ የቀረበው መቶኛ ብቻ ነው። መቶኛውን በሕመምተኞቹ ብዛት ያባዛ አንባቢ 17 ለ4 ለሚለው የቀረበ ቁጥር ያገኛል፤ ነገር ግን ማባዛት የአንባቢ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ የማብራሪያው ነገር አለ። አዘጋጆቹ ልዩነቱን የተረጎሙት ናፕሮክሰን ልብን ይጠብቃል፣ ሮፌኮክሲብ ግን ይህን ጥበቃ አይሰጥም በሚል ነው። በሙከራው ውስጥ ማስመሰያ ክኒን የወሰደ ወገን ስላልነበረ፣ አንዱ ጎዳ ወይስ ሌላው ጠቀመ የሚለውን ከራሱ ከሙከራው መለየት አይቻልም ነበር። ለወራት ያለ መድኃኒት የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛን ማቆየት ስለማይገባ፣ ማስመሰያ ባለመኖሩ አዘጋጆቹ ሊወቀሱ አይገባም። ሊወቀሱ የሚገባው ከሁለት ሊሆኑ ከሚችሉ ትርጉሞች አንዱን መርጠው በማቅረባቸው ነው። የመረጡት ትርጉም ደግሞ በቁጥር ሲፈተሽ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። ልዩነቱ በሙሉ የናፕሮክሰን በጎ ሥራ ከሆነ፣ ናፕሮክሰን ድንገተኛ የልብ ሕመምን ከመቶ ሰማንያ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። አስፒሪን፣ ለዚሁ ተግባር በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ የተፈተነው፣ የሚቀንሰው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ነው። አንድ የቁርጥማት መድኃኒት ከአስፒሪን በእጅጉ የበለጠ የልብ ጠባቂ ሆኖ በድንገት ቢገኝ፣ የዜናው ርዕስ ሮፌኮክሲብ ሳይሆን ናፕሮክሰን በሆነ ነበር። ናፕሮክሰንን ለልብ ጥበቃ አስመዝግቡልኝ ብሎ የተነሣ ግን አልታየም።

ዘገባው ሌላም ማጽናኛ አቅርቧል። ከተሳታፊዎቹ ከመቶ አራቱ ቀድሞውኑ ለልባቸው አስፒሪን መውሰድ የሚገባቸው እንደነበሩ፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመሞቹም ከመቶ 38ቱ የደረሱት በእነዚህ ላይ እንደሆነ፣ በቀሩት ሕመምተኞች ዘንድ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም እንደሌለው ይገልጻል። ሐኪሙ ከዚህ የሚረዳው፣ የልብ ታሪክ የሌለበት ሕመምተኛ ስጋት የለበትም የሚል ነው። ይህ መደምደሚያ የቆመው በሦስት ሰዎች ላይ ነበር። በሮፌኮክሲብ ወገን ሦስት ተጨማሪ ድንገተኛ የልብ ሕመሞች ደርሰው ሳለ በዘገባው አልተካተቱም። ሲካተቱ 17 ለ4 የነበረው 20 ለ4 ይሆናል፤ ዝቅተኛ ስጋት አላቸው በተባሉት ሕመምተኞች ዘንድም ልዩነቱ ትርጉም ያለው ይሆናል። የመጽሔቱ አዘጋጆች በዲሴምበር 2005 ባወጡት ይፋ የስጋት መግለጫ፣ ከጽሑፉ ደራሲዎች ቢያንስ ሁለቱ ስለ ሦስቱ ሕመምተኞች ከኅትመቱ ከአራት ወር በላይ አስቀድመው ያውቁ እንደነበር አስታወቁ። የደራሲዎቹ መልስ የልብና የደም ሥር ችግሮች የሚቆጠሩበት የመጨረሻ ቀን አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፣ ሦስቱ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው የሚል ነው። መልሱ ቢታመን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የጨጓራ ችግሮች የተቆጠሩት ከዚያ ቀን በኋላም ለአንድ ወር ያህል ነው። በአንድ ሙከራ ውስጥ ጥቅሙ በረጅም፣ ጉዳቱ በአጭር ገመድ ተለካ።

ሙሉው ቁጥር አንድ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ይገለጣል። ሮፌኮክሲብ ከናፕሮክሰን ጋር ሲተያይ 21 አደገኛ የጨጓራና የአንጀት ችግሮችን አስቀረ፤ 16 ድንገተኛ የልብ ሕመሞች ግን በእርሱ ወገን በዝተው ታዩ። ለየትኛው ሕመምተኛ ይህ ልውውጥ ያዋጣል የሚለው ሐኪሙና ሕመምተኛው ተነጋግረው የሚወስኑት ጉዳይ ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ አለመገናኘት ውይይቱን አስቀረው።

ክላስ በሌላ መንገድ የሄደ ነው። በዚህ ሙከራ 8,059 የሩማቶይድና የኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኞች ሴሌኮክሲብ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ወይም ዲክሎፌናክ ወሰዱ። በጃማ የታተመው የስድስት ወር ውጤት ነው። በዚህም ዋነኛው መለኪያ፣ የቁስለት አደገኛ መዘዝ፣ በዓመት ከመቶ 0.76 ለ1.45 ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ የሚያስተማምን አልነበረም። ምልክት ያሳዩ ቁስለቶች ሲጨመሩ ግን 2.08 ለ3.54 ሆነና ትርጉም አገኘ። አንባቢው ያላወቀው ሙከራው በስድስት ወር እንዳላበቃ ነው። በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ነበሩ፤ አንዱ ከዲክሎፌናክ፣ ሌላው ከአይቡፕሮፌን ጋር የሚያነጻጽር፤ አንዳንድ ሕመምተኞችም ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለዋል። ጽሑፉ ለመጽሔቱ ሲቀርብ ረጅሙ ውጤት ተገኝቶ ነበር። ሙሉው መረጃ በፌብሩዋሪ 2001 በመድኃኒት አስተዳደሩ አማካሪ ጉባኤ ፊት ሲቀርብ ብልጫው ጠፍቶ ተገኘ፤ ጁኒና ባልደረቦቻቸው በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እንዳመለከቱት፣ በሁለተኛው አጋማሽ የደረሱት የቁስለት መዘዞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴሌኮክሲብ በሚወስዱት ላይ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ብዙ ሕመምተኞች ስላቋረጡ የኋለኛው መረጃ የተዛባ ነው የሚል መከላከያ ቀርቧል፤ መከላከያው ክብደት የሌለው አይደለም። ነገር ግን የሚገባው ሁለቱን ውጤቶች አቅርቦ የኋለኛው ለምን እንደማይታመን መከራከር ነበር። ለዓመታት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሙከራውን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ማሳየት፣ ሥር የሰደደ ሕመምን እንደ ጉንፋን መቁጠር ነው። ከዚህም በላይ ከተሳታፊዎቹ አምስተኛ ያህሉ ለልባቸው ዝቅተኛ መጠን አስፒሪን ይወስዱ ነበር፤ በእነዚህ ዘንድ ሴሌኮክሲብ ለጨጓራ ያስገኘው ብልጫ አልታየም።

የቀረውን የቫዮክስ ታሪክ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። አፕሩቭ በተባለው ሙከራ፣ የትልቁ አንጀት እባጭ የነበረባቸው 2,586 ሰዎች 25 ሚሊግራም ሮፌኮክሲብ ወይም ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ፤ ከደም መርጋት ጋር የተያያዙ ችግሮች 46 ለ26 ሆኑ፤ መርክም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2004 መድኃኒቱን ከዓለም ገበያ አነሣ። እዚህ ናፕሮክሰን የለም፤ የ«ጥበቃው» ማብራሪያ በዚያው አበቃ። ዘገባው ግን በዚህም ጊዜ አደጋው የሚጀምረው ከ18 ወር በኋላ ነው የሚል ሐረግ ይዞ ወጣ፤ መጽሔቱ በ2006 ሐረጉን በእርማት አነሣው። በ2004 መጨረሻ በላንሴት የታተመ የተጠራቀሙ ሙከራዎች ትንተና እንዳሳየው፣ በ2000 መጨረሻ የነበረው መረጃ ብቻ እንኳ ቢደመር ሮፌኮክሲብ ድንገተኛ የልብ ሕመምን ከእጥፍ በላይ እንደሚያበዛ ያመለክት ነበር፤ ናፕሮክሰን ልብን የሚጠብቅ ቢሆን እንኳ ጥበቃው አነስተኛ እንደሆነ ተረጋገጠ። የመድኃኒት አስተዳደሩ ባልደረባ ዴቪድ ግራሃምና ተባባሪዎቻቸው በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ብቻ ከ88,000 እስከ 140,000 የሚደርሱ ብርቱ የልብ ሕመሞች ከመድኃኒቱ የተነሣ ሳይደርሱ እንዳልቀሩ ገመቱ።

በኢትዮጵያ የሚሠራ ሐኪም ይህን ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ቫዮክስ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል፤ ሴሌኮክሲብም በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ዲክሎፌናክ ግን በክኒንም በመርፌም የዕለት ተዕለት መድኃኒት ነው። የወገብ ሕመም፣ የጉልበት ሕመም፣ የጥርስ ሕመም ያለበት ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ብዙውም ሐኪም ሳያማክር ይገዛዋል። ክላስን እንደገና ማንበብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በክላስ ሴሌኮክሲብ በልብ በኩል ከነባሮቹ የከፋ አልሆነም፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ለሴሌኮክሲብ እንደ ምስክር ተቆጠረ። ምስክሩ ግን ለማን እንደመሰከረ መጠየቅ ነበረበት። በደም ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ዲክሎፌናክ ኮክስ-2ን የመምረጥ ኃይሉ ከሴሌኮክሲብ ጋር የሚቀራረብ ነው። «ነባር» የሚለው መጠሪያ የሚያመለክተው የተሠራበትን ዘመን እንጂ ጠባዩን አይደለም። መራጭን ከመራጭ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አለመገኘቱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይኸው አካሄድ በ2006 በሰፊው ተደገመ። ሜዳል በተባለው ጥናት 34,701 ሕመምተኞች ኤቶሪኮክሲብ ወይም ዲክሎፌናክ ወሰዱ፤ ከደም መርጋት የተነሡ ችግሮች በመቶ ሰው በዓመት 1.24 እና 1.30 ሆኑ። ኤቶሪኮክሲብ ከነባር መድኃኒት የተለየ ስጋት የለውም ተባለ። የአሜሪካው አማካሪ ጉባኤ በኤፕሪል 2007 በ20 ለ1 ድምፅ አልተቀበለውም። ጥናቱን ከሌላ አቅጣጫ ያነበበ ሰው ግን ጠቃሚ ነገር ያገኝበታል፤ ሠላሳ አራት ሺህ ሰው የተካፈለበት ጥናት ያረጋገጠው የኤቶሪኮክሲብን ደኅንነት ሳይሆን የዲክሎፌናክን ዝምድና ነው። በ2013 በላንሴት የወጣው ከብዙ መቶ ሙከራዎች የተጠናቀረ ትንተናም ይህንኑ አጸና። ከማስመሰያ ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ መራጮቹም ዲክሎፌናክም ብርቱ የደም ሥር ችግሮችን በሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ አበዙ፤ ከፍተኛ መጠን አይቡፕሮፌንም የልብ ደም ሥር ችግሮችን አበዛ፤ ከፍተኛ መጠን ናፕሮክሰን ግን አላበዛም። በልብ ድካም ሆስፒታል የመግባት አደጋ በሁሉም ዘንድ እጥፍ ያህል ሆነ። የጨጓራው ሥዕል የተገላቢጦሽ ነው፤ መራጮቹና ዲክሎፌናክ አደጋውን ወደ እጥፍ ሲያደርሱት፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን ወደ አራት እጥፍ አደረሱት። በዚያው ዓመት የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ዲክሎፌናክ ቀደም ሲል የልብ ድካም፣ የልብ ደም ሥር ጥበት ወይም ስትሮክ ላለባቸው እንዳይታዘዝ ወሰነ። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ100 አገሮች የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ዲክሎፌናክ በ74ቱ፣ ናፕሮክሰን በ27ቱ ብቻ እንደሚገኝ አሳየ። ቫዮክስን በድንጋጤ ያስወጣ ዓለም፣ ዘመዱን በመሠረታዊ መድኃኒትነት መዝግቦ ይዟል።

ይህ ሲባል ዲክሎፌናክ ለማንም አይታዘዝ ማለት አይደለም። ለወጣት፣ ለጥቂት ቀን፣ ለተወለመ ቁርጭምጭሚት የሚታዘዝ ዲክሎፌናክ ሌላ ነው፤ የደም ግፊቱ ተለክቶ ለማያውቅ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ለጉልበቱ በየወሩ የሚታደስ ዲክሎፌናክ ሌላ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተነሣ ልቡ ለደከመ ወጣት ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥቂት አይደሉም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙከራዎችም እነርሱን በዓይነ ኅሊና ይዘው አልተነደፉም። የጨጓራ ባክቴሪያ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተስፋፋበት አገር ናፕሮክሰንን ያለ ጨጓራ ጠባቂ መድኃኒት ማዘዝም የራሱ አደጋ አለው። ሌላው ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ፣ ሕመሙ ከብግነት የመጣ ነውን የሚለው ነው። ከነርቭ ጉዳት የሚነሣ የስኳር ሕመምተኛ እግር መቃጠል ለፀረ-ብግነት መድኃኒት አይታዘዝም፤ የእንግሊዙ ናይስ በ2021 ባወጣው መመሪያም ሌላ ምክንያት ላልተገኘለት ሥር የሰደደ ሕመም እነዚህ መድኃኒቶች እንዳይታዘዙ መክሯል። ለማይጠቅም ነገር የሚከፈል የልብ አደጋ፣ ትንሽም ቢሆን ውድ ነው።

ከሁሉም ትልቁ የኋላ ምላሽ በ2016 የታተመው ፕሪሲዥን ነበር። በ24,081 ሕመምተኞች ላይ ሴሌኮክሲብ፣ ናፕሮክሰንና አይቡፕሮፌን ተነጻጸሩ፤ ዋነኛው መለኪያ ከመቶ 2.3፣ 2.5 እና 2.7 ሆነ፤ ሴሌኮክሲብም ከሁለቱ አያንስም ተባለ። ብዙዎች ይህን ለሴሌኮክሲብ እንደ ነጻ መውጫ ብይን ወሰዱት። ብይኑን ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን ማየት ይገባል። የሴሌኮክሲብ አማካይ መጠን በቀን 209 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ የኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኞች ከ200 እንዳያልፉ ተደርገው ሳለ የሌሎቹ መድኃኒቶች መጠን ከፍ ሊል ይችል ነበር። ሁለተኛ፣ ከመቶ 68.8ቱ ሕመምተኞች የተመደበላቸውን መድኃኒት ማቋረጣቸው ነው። መድኃኒቱን ከማይወስዱ ሰዎች መካከል የመድኃኒቶችን ልዩነት መፈለግ አስቸጋሪ ነው፤ አያንስም የሚለውን ውጤት ማግኘት ግን ይቀላል። ከዚህ የሚወሰደው ልከኛ ንባብ፣ በቀን 200 ሚሊግራም የሚወሰድ ሴሌኮክሲብ በከፍተኛ መጠን ከሚወሰዱት ነባሮች የከፋ አለመሆኑ ነው። በ2005 የታተመ የማስመሰያ ንጽጽር ሙከራ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የወሰዱ ሰዎች የልብና የደም ሥር ችግራቸው ከመቶ 1.0 ወደ 3.4 ማደጉን አሳይቷልና፣ የመጠኑ ጉዳይ ዝርዝር ሳይሆን ዋና ነገር ነው።

መራጭ መድኃኒት ቦታ የለውም ማለትም ስሕተት ይሆናል። በ2017 በላንሴት የታተመው የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ ኮንሰርን የተባለው፣ ከቪገር በር የተመለሱትን ሕመምተኞች ተቀበለ። 514ቱም ጨጓራቸው ወይም አንጀታቸው ደምቶ ያውቃል፤ ሁሉም ለልባቸው ወይም ለአንጎላቸው የደም ሥር አስፒሪን መውሰድ አለባቸው፤ ሁሉም ለመገጣጠሚያቸው ፀረ-ብግነት ያስፈልጋቸዋል። ግማሾቹ ሴሌኮክሲብ 100 ሚሊግራም፣ ግማሾቹ ናፕሮክሰን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ወሰዱ፤ ለሁለቱም ወገን አስፒሪንና ኢሶሜፕራዞል ተሰጠ። በ18 ወር ውስጥ እንደገና የደሙት በሴሌኮክሲብ ወገን ከመቶ 5.6፣ በናፕሮክሰን ወገን ከመቶ 12.3 ነበሩ። የልብና የደም ሥር ችግሮችም በዚያው ዘገባ በዚያው አቅጣጫ ተለክተው ቀርበዋል፤ ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም፤ በ514 ሰው የልብን ጥያቄ መዝጋት ግን አይቻልም።